የጋሽ አርነ ባሕር አረንጓዴ ሆነ

ዘቢደር እንቅልፍ እምቢ ካላት ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያው ሽማግሌ ስትገለብጥ፣ አሮጊት ስትደግፍ አድራ ጠዋት ቤቷ ትገባለች፣ ጫማዋን በሩ ሥር ትጥላለች፣ መጋረጃውን ትስባለች፣ ፊቷን በጋቢ ትከናነባለች፣ ብርሃኑ ግን በድሩና በማጉ መሀል መንገድ አያጣም፤ በዚህ በሰሜን ኖርዌይ ሰኔ ሲገባ ፀሐይ መግቢያዋ ይጠፋታል፣ ቤቱ እንደጠፋበት ሰካራም ሰማዩን ስትዞር ታድራለች፣ ስትዞር ትውላለች። አምቦ ቢሆን ሰኔ ደመና ነበር፣ ቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳ ዝናብ፣ እሷና ታናሿ ሳምሪ አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተቱ፣ አባቷ በበሩ ብቅ ብሎ “ተኙ እንጂ፣ ውሃው እንኳ ተኝቷል” እያለ፤ ይላል፣ ድምፁ አሁን ጆሮዋ ሥር ነው፣ ትገላበጣለች፣ እና ዓይኗን ስትከፍት ጣሪያው ላይ ነው የምታፈጠው፣ ምክንያቱም ከጣሪያው ወዲያ፣ በሦስተኛው ፎቅ፣ በጋሽ አርነ ሳሎን ውስጥ ያ ባሕር አለ፣ እሷ ብትተኛም ባትተኛም አረንጓዴ እየሆነ ነው።

ባሕር የምትለው እሷ ናት፤ ባለቤቱ አኳሪየም ይለዋል። ወርዱ እንደ አልጋ የሚሆን የመስታወት ሣጥን ነው፣ የተሞላው ጨዋማ ውሃ፣ ከሥሩ አሸዋና ቀንድ አውጣዎች የሚድሁበት ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ እንደ አበባ የተከፈቱ ኮራሎች፣ መሀላቸው ደግሞ ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፤ ዓሦቹ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ዓሣ እንደዚያ እንደሚያረጅ ዘቢደር እዚህ አገር ነው ያወቀችው። አርነ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ የመርከብ መካኒክ ነበር፣ ሚስቱ ኢንገር ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እዚህ አገር ትልቁም ትንሹም በስሙ ነው የሚጠራው፣ እሷም በአፏ “አርነ” ትለዋለች፣ በልቧ ግን አንድም ቀን ጋሽን ሳታስቀድም ጠርታው አታውቅም። ደግሞም ይገባዋል። በመጣችበት ክረምት የፖስታ ሣጥኗ በደብዳቤ ሲሞላ፣ ይሄ ከግብር ይሄ ከስደተኞች ቢሮ ይሄ ዝም ብሎ ማስታወቂያ ነው እያለ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያነበበላት እሱ ነው፤ ቆሻሻ እንኳ በዚህ አገር በቀለም ይለያል፣ የምግቡ በአረንጓዴ ከረጢት፣ የፕላስቲኩ በሌላ፣ እሷ አንድ ላይ ጠቅልላ ስትጥል አይቶ ሳይቆጣ እንደገና በእጁ የለየላት እሱ ነው። ታዲያ በግንቦት ደረጃው ላይ ወድቆ ዳሌው ሲሰበር፣ አምቡላንሱ ውስጥ ሆኖ ቁልፉን ለማን ይስጥ? ለእሷ ሰጣት።

ማሳሰቢያም ጽፎ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎት ኖሯል፣ ለራሱ የጻፈው፣ እያረጀ ሲሄድ እንዳይረሳው። በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት ቆንጥሮ። ውሃው ሲቀንስ ከሰማያዊው ጀሪካን፣ ከቧንቧ በፍጹም። ሌላ ምንም የለውም። ዘቢደር አነበበችው፣ ቃሉም አላስቸገራት፣ ግን ዓሦቹ እሷን ባዩ ቁጥር መስታወቱ ላይ ይለጠፋሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ እና አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብላ ያደገች ልጅ ለሚለምን አፍ እንዴት ቆንጥራ ትሰጣለች? ቀትር ላይ ሰጠች፣ ወደ ሥራ ስትወጣ ሰጠች፣ ስትመለስ “እናንተም አልተኛችሁም አይደል” ብላ ሰጠች። ሰማያዊው ጀሪካን በሁለተኛው ሳምንት አለቀ። ውሃ ያው ውሃ ነው ብላ ከቧንቧ ቀዳች።

መጀመሪያ መስታወቱ ጥግ ላይ የተነፈሰበት የመሰለ ነገር ታየ። ከዚያ ክር ሆነ። ከዚያ እንደ ባዘቶ ሆኖ ድንጋዩን ለበሰው፣ አልጌ ነው፣ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ዋቅላሚ ይባል የነበረው፣ መምህሯ ሰሌዳው ላይ ስሎት ማንም ልብ ያላለው፤ ስትነቅለው በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፣ ሲመለስ ይብሳል። ኢንገር ከመሞቷ በፊት በእጇ የተከለችውን ሐምራዊ ኮራል በሰኔ መጀመሪያ አንገቱ ድረስ ያዘው። ዘቢደር በሳምንት ሁለቴ ሆስፒታል ትሄዳለች፣ አርነ ትራሱን ከፍ አድርጎ “እንዴት ናቸው?” ይላል፣ “ደኅና ናቸው” ትላለች፣ “ይበላሉ?” “በደንብ።” ይሄኛው እንኳ እውነት ነበር።

እና ለማን ትናገር? አባቷ አለ። አባቷ ገብረአማኑኤል አምቦ ውስጥ በፍል ውሃው መዋኛ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ነው፣ ከአረንጓዴ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት የታገለ። ረቡዕ ረቡዕ ከጓደኛው ከኦቦ ዱጋሳ ጋር ገንዳውን ይከፍቱታል፣ ውሃው ወደ ሁሉቃ ወንዝ ይወርዳል፣ ሁለቱ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ይገባሉ፣ ከጭልሞ ደን ጥድ የተጠረበ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ግድግዳውን በኖራ ይፈገፍጉታል፤ ዘቢደር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታንጠለጥላለች፣ ዱጋሳ ከታች “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አትውደቂ፣ አባትሽ እንደሆነ መዋኘት አይችልም” ይላታል። እውነቱን ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ገንዳ ጠብቆ መዋኘት አያውቅም፣ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው የሚገባበት። ሐሙስ ጠዋት ከጉደር ከጊንጪ የመጡ ልጆች አዲሱ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ክንዱን አጣምሮ ይቆማል፣ ፊቱ የሠርግ ቤት ባለቤት ይመስላል። ይቆማል፣ አሁንም እዚያው የቆመ ይመስላታል፣ ጡረታ ከወጣ ግን ሰባት ዓመት አልፎታል።

እሑድ ከሰዓት ወደ ላይ ወጣች፣ ባልዲውን አንስታ ጥግ አስያዘች፣ በእርጥብ እጇ ስልኳን አውጥታ በቪዲዮ ደወለችለት፣ ፊቱ መጣ፣ እንደ ሁልጊዜው ግማሹ፣ ግንባሩና የኮፍያው ጠርዝ። ስልኩን ወደ መስታወቱ አዞረች።

“አባዬ፣ ይታይሃል?”

“ይታየኛል።”

“ድንጋዩን እየው፣ እዚህ ጋ፣ በግራ በኩል።”

“አየሁት። ይሄማ ሥር ሰዷል ልጄ።”

“ዓሦቹስ?”

“እነሱም አሉ። ደኅና ናቸው፣ ወፍረዋል። ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትመታው?”

“በመስኮቱ። ቀኑንም ሌሊቱንም።”

“የሌሊት ፀሐይ ጉድ ነው መቼም። ስሚ፣ በእኛ ገንዳ በምዕራብ በኩል ባሕር ዛፎቹ ጥላ የሚጥሉበት ግድግዳ ትዝ ይልሻል? እሱን አንድ ቀን ፈግፍጌው አላውቅም። ጥላ ነው ያጠበልኝ። ጋቢሽን መስኮቱ ላይ ስቀይው። ምን ውሃ ነው የምትጨምሪበት?”

“የቧንቧ።”

“የሰውየው ውሃ ከምን ነበር?”

“ከጀሪካን። የተጣራ።”

“እንግዲያው ከዚያው ፈልጊ። ምግቡንም ቀንሺ።”

“አብዝቼ እንደማበላ ማን ነገረህ?”

“የዓለሚቱ ልጅ አይደለሽ?” አለ፤ ዓለሚቱ እናቷ ናት። ሳቁ፣ ተሳሳቁ፣ ዘግታው ልትነሳ ስትል ነው ስክሪኑን ያየችው። የካሜራው ምልክት ላይ ሰረዝ ተሰምሮበታል። የእሷ ምስል መውጫ የነበረችው ትንሿ ሳጥን ጥቁር ናት። ገና ስትደውል በእርጥብ ጣቷ ካሜራውን ዘግታው ኖሯል፤ አባቷ ጥቁር ነገር ላይ አፍጥጦ ነው ሥር ሰዷል ያላት፣ ዓሦቹ ወፍረዋል ያላት። መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ አፏ ላይ እንዳለ የጋሽ አርነ ሶፋ ላይ ቁጭ አለች።

ለሳምሪ ደወለች። ሳምሪ ከአባታቸው ጋር ነው የምትኖረው፤ ገበያ ነበረች፣ ከጀርባዋ ባጃጅ ይጮሃል፣ ሰው በኦሮምኛ የድንች ዋጋ ይከራከራል።

“ሳምሪ፣ አባዬ ዓይኑ ያያል?”

ባጃጁ አለፈ። “ዘቢ፣ ቤት ስገባ ልደውልልሽ?”

“አሁን ንገሪኝ።”

“ሞራ ነው” አለች ሳምሪ፣ ድምፅዋን ቀንሳ። “የዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ ሁለቱንም። ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ የሰው ቅርጽ ይለያል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። እኔ ራሴ ያወቅሁት ባለፈው ፋሲካ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የመብራት እንጨቱን ‘አካም ጅርታ ዱጋሳ’ ብሎ ሰላም ሲለው። መጀመሪያ እየቀለደ መስሎኝ ነበር።”

“ለምን አላሳከምሽውም?”

“እምቢ አለኝ እኮ። ሐኪሙ ቀላል ነው፣ በአንድ ቀን ገብቶ ይወጣል ብሎታል። እሱ ግን ዓይን ውሃ ነው፣ ውሃ የያዘ ነገር ከተቀደደ ይፈሳል፣ እኔ ነኝ የማውቀው ይላል። ለአንቺ ደግሞ እንዳልነግርሽ አስማለኝ።”

አስማለኝ። ዘቢደርን የወጋት እሱ ቃል ነው። እናታቸው ዓለሚቱ ያረፈች ጊዜ ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር፣ ዘቢደር እዚህ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም፣ በየጠዋቱ ለእናቷ የድምፅ መልእክት ትልክ ነበር፣ ዛሬ በረዶ ወረደ፣ ዛሬ ዳቦ ጋገርኩ እምቢ አለኝ፣ ዛሬ ጎረቤቴ ደብዳቤ አነበበልኝ፣ እና በየመልእክቱ ሥር አንዲት ግራጫ ምልክት ብቻ ትቀመጣለች፣ ሁለተኛዋ አትመጣም፤ አሥራ ሁለት ቀን ለሞተ ሰው አወራች። መስመሩ ሲከፈት የደወለው አባቷ ነበር፣ ምንም ሳይላት ሲተነፍስ ሰማችው፣ በትንፋሹ አወቀች። ያን ጊዜ ነው የተማማሉት፣ ሦስቱም፣ ከዛሬ ወዲያ ክፉም ይሁን ደግ ማንም ከማንም አይደብቅም ብለው። እሷ መሐላውን እንደ ክታብ አንገቷ ላይ አስራው ነው የኖረችው፤ ካልነገሩኝ የለም ማለት ነው እያለች ነው በየሌሊቱ ሰው ስትገለብጥ የምታድረው፣ የሰው አባት ስታጥብ፣ የሰው አባት መነጽር ስትወለውል፣ የገዛ አባቷ ደግሞ እንጨት ሰላም ይላል።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ መልስ ልብሷን ሳትቀይር ደወለችለት።

“አባዬ፣ ትናንት ያሳየሁህ ዓሦች ቀለማቸው ምን ነበር?”

ዶሮ ሲጮህ ተሰማ። “ሳምሪ ነገረችሽ።”

“ካሜራው ዝግ ነበር አባዬ።”

“ዝግ ነበር?” አለና ሳቀ፣ ከሆዱ፣ እስኪያስለው። “እኔማ ጥሩ አድርጌ ያየሁ መስሎኝ ነበር።”

አልሳቀችም። “ተማምለን አልነበረም?”

“ተማምለናል።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ የነርስነት ፈተናሽ አለ። ብነግርሽ ፈተናውን ጥለሽ ልትመጪ ነው። መጥተሽስ ምን ልታደርጊ፣ እጄን ይዘሽ ልትመሪኝ? እሱን ሳምሪም ታደርገዋለች። ለመሆኑ ሽማግሌው ያውቃል?”

“ምኑን?”

“ባሕሩ አረንጓዴ መሆኑን።”

ዘቢደር መስኮቱን አየች። ፀሐይዋ እዚያው ናት። “አያውቅም።”

“ለምን አልነገርሽውም?”

“ተኝቷል እኮ። ታሟል። ተነስቶ አያጥበው፣ ዝም ብሎ ከሚጨነቅ ብዬ ነው።”

“እህ” አለ አባቷ። ያ “እህ” ከአምቦ ተነስቶ መጥቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

“እሺ” አለች በመጨረሻ። “እኔ ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ። አንተም ከሳምሪ ጋር ትሄዳለህ።”

“ዓይን እኮ ውሃ ነው ልጄ…”

“ሠላሳ አንድ ዓመት ገንዳ ከፍተህ አጥበህ ዘግተሃል። አንድ ቀን ግድግዳው ፈርሶብህ ያውቃል? ሐኪሙም እንደ አንተ ሥራውን ያውቃል።”

“አንቺ መጀመሪያ ንገሪው” አለ። “ከዚያ እናያለን።”

ማክሰኞ አውቶቡሱ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን በኖርዌይኛ ደጋግማ አጠናችው፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ያደራ ዕቃህን አበላሽቻለሁ፤ ለአደራ የሚሆን ቃል ፈልጋ አጣች፣ በቋንቋቸው የቀረበው “የተቀመጠ ነገር” የሚል ነው፣ እሱ ደግሞ ክብደት የለውም። አልጋው አጠገብ ስትደርስ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባትና “አረንጓዴ ሆኗል” ብቻ አለች።

አርነ ሰማያዊ ዓይኑን ከጋዜጣው ላይ አነሳ። “በቀን ስንት ጊዜ ትመግቢያቸዋለሽ?”

“ሦስት ጊዜ።”

“ሦስት?”

“አንዳንዴ አራት።”

ሽማግሌው መሳቅ ጀመረ፣ ሲስቅ ዳሌው አመመው፣ ሲያመው ደግሞ ሳቁ ባሰበት፣ ነርሷ ምን ሆነ ብላ ብቅ አለች። “እኔ ረሃብ ላይ ጥያቸው መስሎኝ ሌሊት አልተኛም ነበር” አለ ዓይኑን እየጠረገ። ከዚያ “የኢንገርስ?” አለ። የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

“ጫፎቹ ነጥተዋል። ከታች ግን አሁንም ሐምራዊ ነው።”

ወደ መስኮቱ ዞረ። “ኢንገርም በመጀመሪያው ዓመት አረንጓዴ አድርጋው ነበር” አለ። “በሳሙና ልታጥበው ስትል ነው የደረስኩት። ቁጭ በይ። ምን እንደምታደርጊ ልንገርሽ። ከዛሬ ጀምሮ ግን በየቀኑ እውነቱን ትነግሪኛለሽ፣ ቢሞቱም።”

የነገራት ከአባቷ ቃል ብዙ አይርቅም። ጥላ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ጥቂት ምግብ፣ እና ትዕግሥት፤ መድኃኒት አታፍስሺበት፣ አትቸኩዪ፣ ውሃውንም በአንዴ አትቀይሪ፣ በሳምንት ትንሽ ትንሽ። ጀሪካኑ የሚሞላበትን ሱቅ ነገራት፣ ጨውን በሚዛን መዝና ባልዲ ውስጥ አሟምታ፣ የጨው መለኪያውን ለሁለት ቀን እያየች መጠበቅን ተማረች። ጋቢዋን የጋሽ አርነ መስኮት ላይ ሰቀለች፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ደረበችበት። የአልጌውን ክር በጥርስ ብሩሽ ጫፍ ይዛ እንደ ጥጥ ፈታይ ትጠመልለዋለች፣ ሲጠመለል ከነሥሩ ይነሳል፣ ክንዷ እስከ ብብቷ እርጥብ፣ ጣቷ በጨው የተሰነጣጠቀ፤ ዓሦቹ መጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ “አባዬ ከልክሎኛል” ትላቸዋለች፣ ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች፣ ዘወር ብላ ታያለች፣ አሁንም እዚያው ናቸው። አንድ ጠዋት ብሩሹን ስታጥብ ደከማትና ሶፋው ላይ ጋደም አለች፣ ክፍሉ ጨለማ ነበር፣ ውሃው በማጣሪያው ውስጥ ይንጎራጎራል፣ እና ስትነቃ ሰባት ሰዓት ሙሉ እንደተኛች አወቀች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው መተኛት ጀመረች፣ ለአርነም ነገረችው፣ እውነቱን እንድትነግረው ቃል አስገብቷት የለ፣ “ትራሱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ” አላት።

በሦስተኛው ሳምንት ክሩ መመለሱን አቆመ። አርነ በመራመጃ እየተደገፈ ቤቱ የገባው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ኮቱን ሳያወልቅ መስታወቱ ፊት ቆመ። ከኢንገር ኮራል ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ግን ተከፍቶ በውሃው እንቅስቃሴ ይወዛወዛል። ዘቢደር ከኋላው ሆና እስኪናገር ጠበቀች፣ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። “ከጀርባ በኩል ትንሽ አረንጓዴ ተይላቸው” አለ። “ቀንድ አውጣዎቹም ይብሉ።” ቀጥሎም ምግቡን አቀበላት፣ ጣቶቿን አየ፣ “በሁለት ጣት” አለ፣ እሷም ቆነጠረች።

አባቷ ቃሉን ለማክበር ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ፈጀበት፣ መጀመሪያ ዝናቡን ምክንያት አደረገ፣ ቀጥሎ ፍልሰታን፣ በመጨረሻ ኦቦ ዱጋሳ መጥቶ “አንተ ሰውዬ፣ እኔ ነኝ የምይዝህ፣ ገንዳ ውስጥ ይዤህ የለ” ብሎ ክንዱን ጨብጦ አወጣው። ሐሙስ ዕለት አንዱን ዓይን ሠሩለት። ዘቢደር ያን ቀን የቀን ተረኛ ሆና ስልኳን በየኪሷ ስታዘዋውር ዋለች፣ የአንዲት አሮጊት ክኒን ሁለቴ ቆጠረች፣ ሦስቴ ቆጠረች። ሳምሪ ማምሻውን ጻፈችላት፦ አልፈሰሰም ይልሻል።

ዓርብ ፋሻው ሲፈታ ደወሉ። ዘቢደር በጋሽ አርነ ሶፋ ላይ ናት፣ እሱም አጠገቧ ተቀምጧል፣ አማርኛ ባይገባውም ሸሚዙን ቀይሯል። ካሜራውን አየችው፣ ክፍት ነው፣ ደግማ አየችው። የአባቷ ፊት መጣ፣ በጣም ቀርቦ፣ አንዱ ዓይኑ ቀልቶ፣ ዕንባ አቅርሮ፣ ኮፍያው ወደ ኋላ ተገፍቶ። ከጀርባው የሳምሪ ድምፅ “ትንሽ አርቀው አባዬ” ይላል። ዘቢደር ባሕሩን ልታሳየው ስልኩን ማዞር ጀመረች።

“ቆይ” አለ። “አታዙሪው።”

አያት። ግንባሯን አየ፣ አገጯን፣ ጆሮዋን፣ ዓይኑን እያጠበበ፣ እየከፈተ፣ ስልኩን እያራቀ፣ እያቀረበ።

“ጸጉርሽን መቼ ነው የተቆረጥሽው?” አላት።

የዘቢደር እጅ ወደ ማጅራቷ ሄደ። ከተቆረጠችው ሁለት ዓመት አልፎታል።